የምንሸጠው ኑግና የምንገዛው ዘይት፦ ስለ ማዕዳችን፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ

(በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ አባቶች ቀሳውስት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ እኔን ለመስማት ስለተቀመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እድር የሚያገናኘን አብዛኛውን ጊዜ ሞት ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሐዘንተኛውን እናጽናናለን። ዛሬ ግን ከድንኳኑ በፊት ስላለው ጊዜ እንድንነጋገር ፈልጌ ነው የመጣሁት። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «ማታ ደኅና አምሽቶ ጠዋት ወድቆ ተገኘ» የተባለለትን ሰው ከመካከላችሁ ያልቀበረ አለ? «ኩላሊቱ ነው አሉ»፣ «ስኳር ነበረበት አሉ»፣ «ደሙ ጭንቅላቱ ላይ ፈሰሰ አሉ» የሚለውን ወሬ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያልሰማ አለ? እኔ በሆስፒታል የክትትል ክፍል የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ቤት ከመወራቱ በፊት የሚመጡት ወደ እኔ ነው፤ አብዛኞቹም የሚመጡት ዘግይተው ነው።

የምናገረው ስለ ጨው፣ ስለ ዘይት፣ እንዲሁም ስለ ስኳርና ነጭ ዱቄት ነው። ቀጥሎ «ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው» ስለሚባለው ነገር ጥቂት እላለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለዚህ እድር የማቀርበው ጥያቄ አለኝ።

አስቀድሜ ግን አንድ አባባል ከመካከላችን ላውጣ። የደም ግፊትና ስኳር «የሀብታም በሽታ ነው» ይባላል። አይደለም። በክትትል ክፍላችን በር ላይ ተሰልፈው ካርድ የሚጠብቁትን ብታዩ ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጡረተኛው፣ ጠላ ሻጯ እናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ የተካሄደው ጥናት እንዳሳየው ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነው። ይህ ማለት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው መካከል ከየስድስቱ አንዱ ማለት ነው፤ አብዛኛውም ግፊት እንዳለበት አያውቅም። ጥጋብ ጎዳን ማለትም አልችልም። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ምድራችን የምትሰጠንን ጥሩ ጥሩውን ገበያ አውጥተን እንሸጣለን፣ በገንዘቡም የሚጎዳንን ገዝተን እንገባለን። ዛሬ የምናገረው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው።

ከጨው ልጀምር፤ በጨው ላይ ደግሞ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጨው ውኃ ይይዛል። ከሚያስፈልገን በላይ ስንበላ ኩላሊት ትርፉን ቶሎ አጥቦ ማስወጣት ስለሚያቅተው ውኃው ከጨው ጋር በሰውነታችን ይቀራል፣ በደም ሥር የሚዘዋወረው የደም መጠን ይጨምራል፣ ልብም በየምቷ ከአቅሟ በላይ እንድትገፋ ትገደዳለች። ይህ ለአንድ ቀን ቢሆን ባልከፋ። ዓመት ከዓመት ሲደጋገም ግን የደም ሥሩ ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደድራል፣ መለጠጥ ያቅተዋል። ያኔ በአንጎል ውስጥ ያለው ቀጭን ሥር ይፈነዳል ወይም ይዘጋል፤ ኩላሊት ቀስ በቀስ ማጣራቱን ይተዋል፤ ልብ ይደክማል። ክፋቱ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየውን ምንም አያመውም። የደም ግፊቱ 180 በ110 ሆኖ እርሻውን ውሎ የሚገባ፣ ማታም በሰላም የሚተኛ ሰው አለ።

ከቾቄ ተራራ ግርጌ ይመጡ የነበሩ አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። መድኃኒት ተጀምሮላቸው፣ ግፊታቸው ወርዶ ነበር። ከዚያ ቀሩ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ራሴን አያመኝ፣ አያዞረኝ፣ ምን ብዬ ነው በየቀኑ ኪኒን የምውጠው?» ብለው ነበር አሉ። ተመልሰው የመጡት በልጆቻቸው ትከሻ ነው፤ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አይታዘዝም፣ አፋቸው ተጣሟል። ጣታቸውን እንዲጨብጡልኝ ስጠይቃቸው ዓይናቸው ወደ እጃቸው ሄደ፣ እጃቸው ግን አልተነሣም። እርፍ ይዘው ያደጉ፣ በዚያ እጅ ልጆች ያሳደጉ አባት ናቸው። ወገኖቼ፣ አለመታመም ማለት ጤና ማለት አይደለም፤ በተለይ በግፊት። መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ሐኪሙ ሳያዘው ማቋረጥ የለበትም። ጸበል የሚጠጣም መድኃኒቱን ይዞ ይጠጣ፣ የሚጾምም መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የጠቀስኩት አገራዊ ጥናት ግን ኢትዮጵያዊው በአማካይ 8 ግራም ገደማ እንደሚበላ አሳይቷል። «እኔ እንኳ ጨው አላበዛም» የማይል ሰው አላጋጠመኝም። እስቲ የት የት እንዳለ አብረን እንቁጠረው፤ በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፣ አዋዜው ጨው አለው፣ ድልሁ ጨው አለው፣ በገጠር ያለን ብዙዎቻችን ቡናውንም በጨው እንጠጣለን። ታዲያ እናት በማንኪያ ለክታ ያስገባችው የትኛውን ነው?

ስለዚህ የቤታችሁን ጨው የምትመዝኑበት መንገድ ልንገራችሁ፤ ሚዛን አያስፈልገውም። አንድ ኪሎ ጨው የገዛችሁበትን ቀን ካሌንደሩ ላይ ምልክት አድርጉ። አምስት ሰው ባለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 5 ግራም ቢበላ በቀን 25 ግራም ይሆናል፤ አንድ ኪሎውም 40 ቀን ይቆያል ማለት ነው። በ20 ቀን ካለቀ እያንዳንዱ 10 ግራም እየበላ ነው፤ ያውም በርበሬና ሽሮ ውስጥ የተደባለቀውን፣ ውጭ የሚበላውንም ሳንቆጥር። ይህን ለክትትል ለሚመጡ እናቶች ስነግራቸው በጣም ይደነግጣሉ። እናንተም ሞክሩት። ከዚያ ሽሮና በርበሬ ስታስፈጩ ጨው አትጨምሩ፤ ጨው አንድ ቦታ ብቻ፣ ድስቱ ላይ ብቻ ይግባ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ አለን፤ እንደ ጎጃም እናት ቅመም የሚያውቅ የለም። ምላስ ጨው ሲቀነስበት መጀመሪያ ቅር ይለዋል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ይለምዳል፣ የድሮው ወጥ ያኔ ጨው ጨው ይለዋል።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። ጨው ቀንሱ አልኩ እንጂ አዮዲን የሌለውን ጨው ግዙ አላልኩም። እንቅርት በደጋው አገራችን ምን እንዳደረገ ሁላችንም በእናቶቻችን አንገት ላይ አይተነዋል። አዮዲን ያለውን ጨው ግዙ፣ ከድነው ከፀሐይና ከእርጥበት የራቀ ቦታ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። የጨው መጠን ይቀንስ፣ አዮዲኑ ግን አይቅር።

ከጨው ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት ላይ ጨዋቸው ሳይቀነስ፣ ኪሏቸውም ሳይቀንስ፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ስቡ የተቀነሰ ወተትና እርጎ አዘውትረው እንዲበሉ የተደረጉ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በ8 ሳምንት ውስጥ በ11 ነጥብ ያህል ወርዷል። ይህ አንድ መድኃኒት ከሚያወርደው ጋር የሚቀራረብ ነው። ጎመናችን፣ ቆስጣችን፣ ዱባችን፣ ከቆላው የሚመጣው ሙዝና ማንጎ የጨውን ጉዳት የሚቀንስ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አላቸው። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን ይህን በራሱ አያድርግ፤ ለእርሱ ፖታሲየም ሊከብደው ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ። ጓሮ ያላችሁ ደግሞ ጎመኑን ሁሉ ለገበያ አትቁረጡት። የተመከረው በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ነው፤ ድንች ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን ይህን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አናገኘውም።

ወደ ዘይት ልለፍ። የጎጃም ገበሬ ኑግ ያመርታል። መስከረም ሲጠባ ቢጫ ለብሶ የሚታየው ማሳ ሁሉ አደይ አበባ ብቻ አይደለም፤ ኑግም አለበት። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል፣ በደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ ስብ ነው። ያን ኑግ ሸጠን የምንገዛው ምንድን ነው? ብርድ ሲነካው ጀሪካን ውስጥ የሚረጋውን የፓልም ዘይት። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ስብ በጉበት ላይ ሠርቶ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፣ ኮሌስትሮሉ የልብን ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይከማቻል፣ ሥሩም ይጠባል። ያን ዘይት መግዛት የድህነት ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዋጋው ስለሚቀንስ ነው የሚገዛው፤ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ኑግ ያለው ገበሬ ሁሉንም ሸጦ ፓልም ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሳይ ልቤ ያዝናል። ጥቂቱን ለቤት አስቀርታችሁ አስጨምቁት፤ ከፀሐይ ሸሽጉት፣ ብዙ አታቆዩት፤ መጠኑንም ቀንሱ። ቅቤም ቢሆን የሚረጋ ስብ መሆኑን አትርሱ፤ የበዓል ይሁን፣ የየቀን አይሁን። በመንገድ ዳር ፓስቲና ሳምቡሳ የሚጠበስበት፣ በየቀኑ እየተጨመረበት ከጠቆረው ዘይት ደግሞ ልጆቻችሁን አርቁ።

ይህን ለመለወጥ ይቻላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይቻላል እላለሁ። በፊንላንድ ሰሜን ካሬሊያ የሚባል የእርሻና የደን አውራጃ አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ አውራጃ ወንዶች በሥራ ዕድሜያቸው በልብ በሽታ ይረግፉ ነበር፤ ቅቤው፣ ሙሉ ስቡ ያልወጣለት ወተት፣ ጨው፣ ሲጋራው ብዙ ነበር። ሕዝቡ ራሱ በ1971 ለመንግሥት አቤቱታ አቀረበ፤ በ1972 ሥራው ተጀመረ። ከሐኪሞቹ ጋር አብረው የሠሩት እነማን ይመስሏችኋል? የገጠር እናቶች ማኅበር ነው። እናቶች መንደር ለመንደር እየተሰበሰቡ የአገራቸውን ምግብ በትንሽ ስብ፣ በትንሽ ጨው፣ በብዙ አትክልት እንዴት እንደሚሠራ እያበሰሉ አሳዩ፤ ምግቡን አብረው በሉ። ቅቤው በአገራቸው በሚመረተው የጎመን ዘር ዘይት እየተተካ ሄደ። በ40 ዓመት ውስጥ በዚያ አውራጃ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች በልብ በሽታ የሚሞቱበት መጠን ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። እናቶቼ፣ ይህን ያደረጉት ከእናንተ የተለየ ጥበብ ያላቸው ሰዎች አይደሉም። ማኅበር ነበራቸው፤ እናንተም ማኅበር አላችሁ።

ስለ ስኳር ባጭሩ ልናገር። በቀን ከ50 ግራም በላይ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር አይመከርም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ አለ። ሦስት ማንኪያ የገባበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ከ12 ግራም አያንስም፤ ጠዋትና ማታ ስንጠጣ 25ቱን ግራም ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በስኳር በሽታ የተኛች አንዲት እናት ነበረች፤ እግሯ ቆስሎ፣ ስኳሯ አልወርድ ብሎ አስቸግሮናል። ስኳርን የሚያወርደውን መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑን ጨመርን፣ አሁንም አልወረደም። አንድ ቀን ጠዋት ዙር ስናደርግ ከአልጋዋ ሥር ያለውን ፌስታል ሳነሣ ያልተከፈተና የተከፈተ፣ ብርቱካንማና ጥቁር፣ የለስላሳ ጠርሙስና የታሸገ ጁስ ተደርድሮ አገኘሁ። ጠያቂ ያመጣው ነው። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ስለሆነ በፍቅር ያመጡት ነው፤ እሷም የሰው እጅ መመለስ ነውር ስለሆነባት በየተራው ትቀምስላቸው ነበር። የታመመ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ እንቁላል ቀቅላችሁ ውሰዱ፣ ምስር ሠርታችሁ ውሰዱ፣ ውኃ ውሰዱ። ለስኳር በሽተኛ ለስላሳ አትውሰዱ፤ ስኳሩ ወርዶበት ላብ ላብ ያለውና እጁ የሚንቀጠቀጥ ካልሆነ በቀር።

ነጭ ዱቄትን በተመለከተ፣ ፍርኖው ገለባውና ፍሬ ዘሩ ወጥቶለት ስታርቹ ብቻ የቀረ ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ በፍጥነት ወደ ስኳር ይለወጣል። ጤፍ ግን ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ሊፈተግ ስለማይችል ከነገለባው ይፈጫል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ጸጋ ነው። ዳጉሳው ደግሞ ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም የሚስተካከለው አይገኝም። በዳንግላ፣ በአቸፈር፣ በሜጫ ዳጉሳ የተቀላቀለበትን ጥቁር እንጀራ ከተማ የገባው ልጅ «የድሃ እንጀራ» ብሎ ሲያፍርበት እሰማለሁ። እንዳያፍርበት ንገሩልኝ። ቢሆንም እንጀራ እንጀራ ነው፤ የትኛውም ቢሆን ሦስት አራት እንጀራ በትንሽ ወጥ ከተበላ ስኳር ይጨምራል። ወጡ ይብዛ፣ እንጀራው ይቀንስ፤ ወጥ ስል ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ ነው።

ግብጦንም እዚህ ላይ ላንሣ። ግብጦ ከመቶው እጅ ሠላሳ አምስት ገደማው ፕሮቲን ነው፤ ከባቄላና ከአተር ይበልጣል። እናቴ ግብጦውን ቆልታ፣ በጆንያ አስራ፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ጭና ታሳድረው ነበር፤ ምሬቱ እስኪለቀው ድረስ ለቀናት ውኃው እያጠበው ይቆያል፣ ከዚያ ልጣጩን በጣታችን እየገፈፍን እንበላዋለን። መራራው እስኪጠፋ መነከር አለበት፤ በሚገባ ያልተነከረው መርዛማ ነው። ዛሬ ያ ግብጦ የት ይሄዳል? ከፊሉ ወደ አረቄ ነው። ጡንቻ የሚገነባውን፣ ጉበት የሚጎዳ ነገር እናደርገዋለን። አረቄ የደም ግፊትን በቀጥታ ከፍ ያደርጋል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አረቄ ቤት ገብቶ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ቢለኝ መልሴ ይኸው ነው።

«ስኳር የወፍራም ሰው ነው» ስለሚባለው ቃል ገብቼ ነበር። በእኛ አገር ቀጭን፣ በልጅነቱ በረሃብ ያለፈ፣ በገጠር ያደገ ወጣት ስኳር ይዞት ይመጣል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ራሱን የቻለ ዓይነት፣ «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። በማሕፀንና በልጅነት ሲራብ ያደገ ሰው ኢንሱሊን የሚያመርተው ቆሽቱ በሚገባ ሳያድግ ይቀራል። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የብርድ ወራት በረሃብ ጊዜ በማሕፀን የነበሩ ልጆች አድገው ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ከሌሎቹ አንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ እናቶች፣ ነፍሰ ጡር ምራታችሁን ጥሩ አብሉ። ነፍሰ ጡርና አራስ፣ መድኃኒት ያለበትም ሕመምተኛ ስለ ጾም ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ አባቶቻችን እዚሁ አሉ፣ ይህን ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል። ጾማችን ራሱ ለጤና መልካም ነው፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን የበዛበት ነው። ጾም ሲፈታ ግን ሁለት ወር የተከለከልነውን በአንድ ቀን ለማካካስ አንሞክር። ከፋሲካ ማግስት የሚሞላው የድንገተኛ ክፍል ነው።

ቀጭን ብንሆንም ወፍራም ብንሆንም የተደበቀ ነገር የለም፤ ምርመራው ቀላል ነው። ጠዋት ምንም ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነና በሌላ ቀን ሲደገምም እንዲሁ ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው በር ላይ የቆመ ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ሊመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ ከተቃረቡ ሰዎች መካከል ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ በፈጣን እርምጃ እንዲሄዱ የተደረጉት በሽታው የሚይዛቸው መጠን በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ በመድኃኒት የቀነሰው በ31 በመቶ ነበር።

አሁን ለእድሩ ያዘጋጀሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ይህ እድር በየለቅሶው ዘይት፣ ጨው፣ ስኳርና ለስላሳ ይገዛል። ከአባላት መካከል ኑግ የሚያመርት ገበሬ ካለ ዘይቱ ከእርሱ ይገዛ። ድንኳን ውስጥ ለስላሳ ይቅር፣ ውኃ፣ እንዲሁም ጠላ ያልሆነ ቀዝቃዛ የአጃ ወይም የገብስ መጠጥ ይቅረብ። ሽሮውና ወጡ በመጠኑ ጨው ይሠራ፤ ወጥ የሚሠሩት እናቶች ይህን ውሳኔ ያድርጉት እንጂ እኛ ወንዶች አንወስንላቸው። ከመዋጮው ላይ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይገዛ፤ ሰብሳቢው ቤት ይቀመጥ፣ በየወሩ ስብሰባ ላይ የፈለገ ሁሉ ይለካ። 

ለዛሬው መለኪያውን ይዘን መጥተናል። ከጓደኞቼ ሁለት ነርሶች በስተቀኝ ባለው ክፍል ይጠብቋችኋል። ባለፈው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና የጠጣችሁ ወደ ኋላ ቆዩ። ሽንት የያዛችሁ ቀድማችሁ ውጡ። ገብታችሁ እግራችሁን ሳታነባብሩ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ፤ ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ፤ ሲለካ አታውሩ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው አይደንግጥ፤ ስሙን ያስመዝግብና በሌላ ቀን እንደገና ይለካለታል። ስኳር ለመለካት የምትፈልጉ ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ወደ ጤና ጣቢያው ኑ። ወረፋውን እናቶች ቢጀምሩት፤ ቤት ጠባቂ የሌላቸው ብዙዎች ናቸውና። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።